ለናሙና የሰጠሁት ፋይል

ይህን ጉዳይ የምጽፈው ከዳር ቆሜ ስላየሁት አይደለም። እጄ አለበት።

በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ባሕር ዳር፣ ከአንድ ካምፓስ በር ፊት ለፊት ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የቤቷን ስም አልጠራም። የተማሪዎቹንም፣ የዓሣ አጥማጁንም ስም አልጠራም። ጉዳዩ ራሱ ስለ ስም መውጣት ስለሆነ እዚህ ደግሜ ላወጣው አልፈልግም።

ቤቷ ጠባብ ነበረች። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ መጠረዣ፣ መብራት በሄደ ቁጥር እንደ ጫጩት የሚጮህ ዩፒኤስ። ሰኔ ላይ ሰልፉ በር ድረስ ይደርሳል። ሁሉም ነገ ነው የሚያስረክበው። ሁሉም «ወንድሜ፣ እኔን ቶሎ» ነው የሚለው።

የኮምፒውተሩ ደስክቶፕ ላይ ባዶ ቦታ አልነበረም። «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻ ፋይናል»፣ «እውነተኛው ፋይናል»። በመሃል የሰው መታወቂያ ስካን፣ የሕክምና ወረቀት፣ ለፍርድ ቤት የተጻፈ የፍቺ አቤቱታ፣ የሥራ ማመልከቻ። ሰው ፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ፍላሹ ሾርትከት ቫይረስ ስላለበት ፋይሉን መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሩ እገለብጣለሁ። ፍላሽ የሌለው በቴሌግራም ይልክልኛል። የተላከው ሁሉ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ይከማቻል። ሥራው አለቀ፣ ሒሳብ ተከፈለ፣ ሰውዬው ሄደ። ፋይሉ ግን አልሄደም። በሁለት ዓመት ውስጥ «ስትጨርስ አጥፋልኝ» ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም የባንክ ሠራተኛ ነበር።

እኔስ ለምን አላጠፋሁም? እውነቱን ለመናገር ደንበኛው «አንድ ገጽ ጎደለኝ» ብሎ ሲመለስ ፋይሉ ከሌለ ስለሚቆጣ ነው። ማስቀመጥ እንደ አገልግሎት ይቆጠር ነበር። አለቃዬም «የሰው ፋይል አትጣል» ይለኝ ነበር። ጥሩ አባባል ይመስላል።

ሰኔ 2010 ላይ አንዲት የማስተርስ ተማሪ መጣች። ጥናቷ በጣና ደቡባዊ ዳርቻ ባሉ ዓሣ አጥማጆች ላይ ነው። 43 ሰው በየቤታቸውና በየጀልባ ማረፊያው ሄዳ አነጋግራለች። ጥያቄዎቿ ከባድ ነበሩ። ምን ያህል ቆሮሶ፣ ምን ያህል አምባዛ ታገኛለህ ከሚለው አልፋ፣ ከላስቲክ ክር የሚሠራውን ቀጭን መረብ ትጠቀማለህ ወይ ብላ ጠይቃለች። ክረምት ዓሣው ሊራባ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዝ ሲወጣ አፉ ላይ ትጠብቀዋለህ ወይ ብላ ጠይቃለች። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለአጥማጅ ዝም ብሎ ጥያቄ አይደለም። የሚያስቀጣ ነገር ነው የሚጠየቀው። ሰዎቹ ግን መለሱላት። የመለሱላት «ስማችሁ የትም አይወጣም» ስላለቻቸው ነው።

ቃሏንም ጠብቃለች። ወረቀቱ ላይ ያለው «መልስ ሰጪ 1»፣ «መልስ ሰጪ 2» ብቻ ነው። የሰዎቹን ስምና ስልክ የያዘው ዝርዝር ኤክሴል ፋይሏ ሦስተኛው ገጽ ላይ ለብቻው ተቀምጧል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቀስ እንበል። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ጋ ነውና።

ማታ 2 ሰዓት ገደማ ነው። አንዱ ሠንጠረዥ ላይ 34 መሆን የነበረበት 43 ሆኖ አገኘችው። ኤክሴሉ ላይ አረመችው፤ ጽሑፉ ባለበት የወርድ ፋይል ላይ ያለው ቻርት ግን አልታረመም። ቻርቱ ተማሪዋ መኖሪያ ቤት ካለው ላፕቶፕ ጋር በሊንክ የታሰረ ስለሆነ እኛ ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን ሊያገኘው አልቻለም። «እባክህ አስተካክልልኝ» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። ኤክሴሉን ከፍላሿ ከፈትኩ፣ አራቱንም ቻርት ኮፒ አደረግኩ፣ ወርዱ ላይ ለጠፍኩ።

ቻርት ሲለጠፍ ትንሽ ምልክት ብቅ ትልና ምርጫ ትሰጣለች። ከኤክሴሉ ጋር በሊንክ ታስሮ ይቀመጥ? ኤክሴሉ በሙሉ ወርዱ ሆድ ውስጥ ይግባ? ወይስ እንደ ሥዕል ብቻ ይለጠፍ? እኔ የመረጥኩት ሁለተኛውን ነው። ሊንኩ ነዋ ያስቸገረን። ሥዕል ካደረግኩት ደግሞ ነገ ሌላ ስህተት ቢገኝ አይታረምም። ለእሷ ብዬ ነው። ሆድ ውስጥ የሚገባው ግን ቻርቱ የቆመበት ሠንጠረዥ ብቻ አይደለም፤ ፋይሉ እንዳለ ነው፣ ከነሁሉም ገጹ። ሦስተኛውም ገጽ አብሮ ገባ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው አራት ቆንጆ ባለቀለም ዓምድ ነው። ከሥሩ የ43 ሰው ስምና ስልክ ተኝቷል። እሷም አላወቀችም፣ እኔም አላወቅኩም።

ታተመ፣ ተጠረዘ፣ ሄደች። ዲፌንሷንም በጥሩ ውጤት እንዳለፈች ሰማሁ።

ሚያዝያ 2011 ላይ ደግሞ ሌላ ተማሪ መጣ። «ወንድሜ፣ በዓሣ ምናምን የተሠራ አንድ ፎርማት ፈልግልኝ እስቲ። ለናሙና ብቻ።» ካምፓስ አካባቢ የኖረ ሰው ይህን ቃል ያውቀዋል። «ፎርማት» ማለት የሌላ ሰው ጥናት ማለት ነው። ማንም አፍሮ አይጠይቅም፣ ማንም ተሳቆ አይሰጥም። ሰኔ ሳይደርስ ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። ፈልጌ የእሷን ወርድ ፋይል ፍላሹ ላይ ገለበጥኩለት። ገንዘብ አልተቀበልኩም። እንዲያውም ሰው የረዳሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ልጁ ናሙና አላደረገውም። ሽፋኑን ቀየረ፣ ዓመቱን ቀየረ፣ የጥናቱን ቦታ ከደቡቡ ዳርቻ ወደ ፎገራ በኩል አዞረው። ቁጥሩን ግን እንዳለ ተወው። ያጋለጠችውም እምቦጭ ናት።

እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ክፉኛ የወረረው የሰሜንና የሰሜን ምሥራቁን ዳር ነው፤ ደምቢያን፣ ፎገራን። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ሕዝብ በዘመቻ ወጥቶ፣ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል የሰነበተው በዚያ በኩል ነው። የልጁ ጥናት ግን «ከመልስ ሰጪዎቹ አብዛኞቹ እምቦጭ ሥራቸውን እንዳላወከባቸው ገልጸዋል» ይላል። ለደቡቡ ዳርቻ ልክ ነበር። ለፎገራ ቀልድ ነው። አማካሪው ይህን ሲያነብ ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም። «እነዚህን ሰዎች በእርግጥ አግኝተሃቸዋል?» አለው። «አዎ።» «እንግዲያውስ ስልካቸውን አምጣ። እኔው ደውዬ አረጋግጣለሁ።»

ልጁ ተጨነቀ። የቻርቱን ቀለም ሊቀይር በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ሲጫን «ዳታ አስተካክል» የሚለውን ነካ። ኤክሴሉ ተከፈተ። ሦስተኛውን ገጽ አገኘው። መና ከሰማይ የወረደለት ነው የመሰለው። ዝርዝሩን ለአማካሪው ከመስጠቱ በፊት ግን ሰዎቹን ለማለማመድ ራሱ መደወል ጀመረ። «ባለፈው አነጋግረንዎት ነበር። ቀጭኑን መረብ አሁንም ይጠቀማሉ? ሰው ሲደውልልዎ አዎ ይበሉ።»

አሁን ይህን ስልክ የሚያነሳውን ሰው አስቡት። ዕድሜያቸው ወደ 60 የሚጠጋ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ውኃ ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። የማያውቁት ድምፅ በስማቸው ይጠራቸዋል። ለአንዲት ልጅ ብቻ፣ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ያሉትን ቃል መልሶ ይነግራቸዋል። «የመንግሥት ሰው ነው» ብለው ቢያስቡ ምን ይፈረድባቸዋል? መረባቸውን በዚያው ሌሊት አውጥተው ደበቁት። ሁለት ሳምንት ሐይቅ አልገቡም።

ይህ ገና ቀላሉ ነው። ተማሪዋ በመጀመሪያ ያገኘችው እሳቸውን ነበር። ሌሎቹን አጥማጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ያስተዋወቋት እሳቸው ናቸው። «የኛው ልጅ ናት፣ ንገሯት» ያሉት እሳቸው ናቸው። ስልኩ ለዘጠኝ ሰው ሲደወል ዘጠኙም ፊታቸውን ወደ እሳቸው አዞሩ። «አንተ ነህ ያስጻፍከን።» ጠቋሚ የሚል ስም ወጣላቸው። ሐይቅ ዳር ጠቋሚ መባል ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ጀልባህ ውኃ ቢገባባት ማን ይጎትትልሃል?

ለተማሪዋ ደወሉላት። አንድ ዓመት አልፏል፤ እሷ ሌላ ከተማ ሥራ ይዛለች። «ልጄ፣ ለማንም አልሰጥም ብለሽኝ አልነበር?» አሏት። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በሳምንቱ እኛ ቤት መጣች። አልጮኸችም። ልጁ ካስረከበው ቅጂ አማካሪው የላከላትን ላፕቶፗ ላይ ከፈተች። መጀመሪያ የፋይሉን ባሕርይ የሚያሳየውን ሰሌዳ አሳየችኝ። ሽፋኑ ላይ የልጁ ስም አለ፤ ሰሌዳው ላይ ግን «ጸሐፊ» በሚለው ቦታ የእሷ ስም እንዳለ ነው። ወርድ እንዲህ ነው፤ ሽፋን ስለቀየርክለት የወለደውን አይረሳም። ከዚያ ቻርቱን በቀኝ ቁልፍ ነካች። ሦስተኛው ገጽ ተከፈተ። «ይሄን እኔ ወርድ ውስጥ አላስገባሁም» አለች። እጄ ቀዘቀዘ። ያን ማታ ትዝ አለኝ።

ጥፋተኛው ማን ነው? ነገሩን ያወራሁለት ሰው ሁሉ ወዲያው ልጁን ይይዛል። ልጁማ ሰርቋል፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ልጁ ባይሰርቅ፣ ፋይሉን በእርግጥ ለናሙና ብቻ ቢያየው ኖሮ፣ የ43 ሰው ስልክ አሁንም ፍላሹ ላይ ነው። ያን ያደረግኩት እኔ ነኝ። አንዴ ሳላውቅ፣ አንዴ እያወቅኩ። ሳላውቅ ያደረግኩትን ለራሴ ይቅር ብያለሁ። ፋይሉን የሰጠሁት ግን እያወቅኩ ነው። የእኔ አልነበረም። እኔ ኮምፒውተር ላይ ስለተኛ የእኔ መስሎኝ ነው።

ተማሪዋም ከደሙ ንጹሕ አይደለችም፤ ይህን ራሷም ትላለች። የስም ዝርዝሩንና መልሱን አንድ ፋይል ውስጥ ባታኖር፣ የስም ዝርዝሩን ደግሞ በይለፍ ቃል ብትዘጋው ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። የመመረቂያ ጥናት ሲሠራ ስለ ናሙና አወሳሰድ ብዙ ገጽ ይጻፋል። ስለ ስም ዝርዝሩ አቀማመጥ ግን «ምስጢርነቱ ተጠብቋል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት ያለችው። ያቺም ዓረፍተ ነገር ከሌላ ሰው «ፎርማት» የተገለበጠች ናት። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ሁለታችንም ሳቅን፣ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ሪቻርድ ሜሰን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1986 መረጃን በሚመለከት አራት የሥነ ምግባር ጥያቄ አንስቶ ነበር። የሰው ገመና፣ የመረጃው ትክክለኛነት፣ የመረጃው ባለቤትነት፣ መረጃውን ማን ያገኘዋል የሚለው። በኋላ ኮርስ ላይ ሳነበው አራቱም እኛ ጠባብ ቤት ውስጥ ተሰልፈው እንደነበር ገባኝ። ሦስቱን ነግሬያችኋለሁ። አራተኛውን ማንም አላነሳውም። 43ቱ አጥማጆች ስለ ራሳቸው የተጻፈውን ወረቀት አንዳቸውም አላዩትም። በእንግሊዝኛ ነው፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ልጁ አግኝቶታል፣ እኔ አግኝቼዋለሁ፣ እነሱ አላገኙትም።

ስለ ሕግም ትንሽ። ሰዎች «ያኔ ሕግ አልነበረም» ሲሉ እሰማለሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት ይከበር ካለ ቆይቷል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ነበር። በዚህ አዋጅ አንድ ጽሑፍ ጥበቃ የሚያገኘው ስለተጻፈ ብቻ ነው፤ መመዝገብ አያሻውም። ጥናቷ በሕግም የእሷ ነበር ማለት ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ ቁጥር 958/2008ም ወጥቷል፤ እሱ በዋናነት የሚያሳድደው ግን ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር የሚገባውን፣ የሚጠልፈውን፣ የሚያጭበረብረውን ነው። እኛ ቤት ማን ሰብሮ ገባ? ሁሉም በእጁ ሰጥቶን ነው። የጎደለው የሰውን የግል መረጃ የያዘ ምን ግዴታ አለበት የሚለው ነበር። ያ ሕግ የመጣው በ2016 ዓ.ም. ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። መረጃ ሲሰበሰብ ዓላማው ይታወቅ፣ ከዚያ ዓላማ ውጭ አይዋል፣ በጥንቃቄ ይያዝ ይላል። የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ጥሩ ሕግ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ መውረዱን ግን እጠራጠራለሁ። በነገራችን ላይ ያ ሁሉ ሥራ የሚሠራበት ዊንዶውስም ክራክ፣ ማለትም ሳይገዛ የተገለበጠ፣ ነበር። ስለ ባለቤትነት ሳወራ ይህን መደበቅ አይገባኝም።

ከዚያ በኋላ ምን ተደረገ? የልጁ ጥናት ውድቅ ሆኖ እንደ አዲስ እንዲጀምር ተደረገ፤ ከዚያ በላይ አልተከታተልኩም። እኔ ደስክቶፑን ማጽዳት ጀመርኩ። ዲሊት ማድረግ መጣል እንዳልሆነ ያኔ ነው ልብ ያልኩት። ፋይሉ ቅርጫት ውስጥ ይቀመጣል፤ ቅርጫቱን ብታራግፈውም ቦታው በሌላ ፋይል እስኪሸፈን ድረስ በሶፍትዌር ሊመለስ ይችላል። ለአለቃዬ ነገርኩት። «ደንበኛ ቢመለስስ?» አለ። ተከራከርን። በመጨረሻ አንድ ወረቀት ለጠፍን። «ፋይልዎ ከሦስት ቀን በኋላ ይጠፋል።» አንዳንድ ደንበኛ ተቆጣ። አንድ አዛውንት ደግሞ አንብበው «እስከ ዛሬ አይጠፋም ነበር እንዴ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ቻርት የምለጥፈው ከዚያ ወዲህ እንደ ሥዕል ነው። «ፎርማት» ለሚጠይቅም ርእሶቹን ብቻ የያዘ ባዶ ፋይል ሠርቼ አስቀመጥኩ። ብዙው ሰው ከፍቶ ያየውና «ይሄማ ባዶ ነው» ብሎ ይመልስልኛል።

ሰኔ ላይ ከተማሪዋ ጋር ወደ አጥማጁ ቤት ሄድን። እሷ ናት «ጋሼን በአካል ሄደን ይቅርታ እንጠይቅ» ያለችው። አንድ ኪሎ ስኳርና ቡና ይዘናል። ደጃፋቸው ላይ መረብ እየጠገኑ አገኘናቸው፤ ወፍራሙን መረብ። እሷን ሲያዩ ተነሱ፣ ሳሟት። እኔ ማን እንደሆንኩ ነገረቻቸው። ቀና ብለው አዩኝና ወደ መረባቸው ተመለሱ።

ቻርት፣ ኤክሴል፣ ሆድ ውስጥ መግባት እያልኩ ለማስረዳት ሞከርኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«እና አሁን ያ ዝርዝር የት ነው ያለው?»

ከእኛ ቤት ጠፍቷል አልኳቸው። ከእሷም፣ ከአማካሪውም። ልጁም አጥፍቻለሁ ብሏል። ግን ልጁ ፋይሉን ለጓደኞቹ በቴሌግራም ልኮ ነበር። እነሱ ደግሞ ለማን እንደላኩ አላውቅም። ይህንንም ነገርኳቸው። መዋሸት ይቻል ነበር።

«ከመረብ ያመለጠ ዓሣ ነው በለኛ» አሉ። ከዚያ ለተማሪዋ «ሰዎቹን ለምኜ ለምኜ ስድስቱ ያናግሩኛል። ሦስቱ ገና ናቸው» አሏት። ቡናው ተፈላ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆቻቸው አወራን።

ልንወጣ ስንል ተማሪዋ ሌላ ጊዜ ለመደወል ስልኳን አወጣች። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያንን ሲም ካርድ ጥለውታል፤ አዲስ አውጥተዋል። እሷ ቁጥሩን አልጠየቀችም፤ እሳቸውም አልሰጧትም።